የታጠበ ወርቅ

ኅዳር 4፣ ሰኞ

155 በ95።

ይህን ደብተር ያስጀመረችኝ የጤና ጣቢያችን ነርስ ናት። «ጠዋት ጠዋት የደም ግፊትሽን ለኪና ጻፊ፤ ከሥሩ ደግሞ ምን እንዳናደደሽ አስፍሪ» አለችኝ። አንድ መስመር ይበቃታል ብላ ነው መቼም። የእኔን መሥሪያ ቤት አታውቀውማ።

የዛሬው ንዴት፦ ብሪጅ ተመለሰብኝ። ሰው አፍ ውስጥ የሚገባ ወርቅ ሳቀልጥ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የተመለሰብኝ ሥራ በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል፤ እሱም ሐኪሞቹ ልኩን አበላሽተው ሲልኩልኝ ነው። ይኼኛው የአንዲት አስተማሪ ነው። ከታች በግራ በኩል ሦስት ጥርስ አጥታለች። ከፊትና ከኋላ የቀሩትን ሁለት ጥርሶቿን ተደግፎ መሃሉን የሚሞላ የወርቅ ድልድይ ሠራንላት፤ እኛ ብሪጅ የምንለው። ይኸው በሰባተኛ ሳምንቱ መሃሉ ጎብጦ፣ ሲሚንቶው ለቆ፣ ምግብ እየገባበት አፏን አሳመማት። በጥርሷ ልክ የተሠራው የጀሶ ሞዴል ላይ መልሼ ሳስቀምጠው አንድ እግሩ እንዳጠረ ወንበር ይንገዳገዳል።

ሐኪሙ ደውሎ፣ «መስታወት፣ ያንቺ ሥራ ነው ብዬ ማመን አቃተኝ» አለኝ። መስታወት የሚለኝ እሱ ብቻ አይደለም። ከእጄ የሚወጣ ወርቅ ፊት ስለሚያሳይ የማውቃቸው የጥርስ ሐኪሞች ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠሩኝ።

ጥፋቱ የብረቱ ነው። አለቃችን ከክረምት ወዲህ ያመጣው አዲስ ቅይጥ፣ ወርቁ አንሶ ብሩ፣ መዳቡና ፓላዲየሙ የበዛበት። ስሙን ወርቅ ማለታቸውም ይገርመኛል።

ኅዳር 6፣ ረቡዕ

150 በ95።

ቀስታ ሊያስተምረኝ ተነሣ። ቀስታ የፖርስሊን ሠራተኛችን ነው፤ በጥርስ ላይ ነጩን የሚለብጠው። አሥራ አንድ ዓመት ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተቀምጠናል። ሻይ ሲያማስል እንኳ ማንኪያው አይሰማም፤ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ አሁን ሚስቱም በዚሁ ትጠራዋለች።

«እህቴ፣ ይኼ ብረት እንደ ድሮው አይደለም፤ አብሮት የመጣው ወረቀት ይናገራል» አለኝ። «ጥንካሬውን የሚያገኘው ከእሳት ነው። እስኪቀላ አግለሽ ድንገት ብታቀዘቅዢው ይለሰልሳል፤ ለመሞረድም ለማስተካከልም ይመችሻል። ሥራሽን ስትጨርሺ ደግሞ ሦስት መቶ ሃምሳ ዲግሪ ላይ ሩብ ሰዓት አቆይተሽ፣ በራሱ ጊዜ እንዲቀዘቅዝ ስትተዪው ይጠነክራል። የሚወስነው የመጨረሻው እሳት ነው።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ታዲያ በየትኛው ወረቀት ነው የሠራሁት?» አልኩት።

«የድሮው ወርቅ ችሎሽ ነዋ።»

ደሜ ፈላ። ችሎኝ። እኔ ነኝ እንጂ የቻልኩት። ያም ሆኖ እንደ ወረቀቱ ነው የምንሠራው፤ ማንም አልተቃወመም። እኔ አቀልጣለሁ፣ አፈሳለሁ፣ እሞርዳለሁ፣ ሞዴሉ ላይ አስተካክላለሁ። የማጠንከሩን ነገር እሱ በፖርስሊን ምድጃው ይሠራዋል፤ የእኔ ምድጃ ዝቅ ያለ ሙቀት ላይ መርጋት አይሆንለትም። ከዚያ ወደ እኔ ይመልሰዋል፣ እኔ አሰማምሬ እልካለሁ። ከእሱ ምድጃ የሚወጣው ደግሞ ጥቁር ለብሶ፣ ከከሰል ጆንያ የወጣ መስሎ ነው። ያን እንዳለ ለሐኪም የሚልክ ሰው ካለ እጁ ይቆረጥ። ሟቹ ጌታዬ ሥራ ያስተማረኝ፣ «ከዚህ በር የሚወጣ ነገር ማብራት አለበት» እያለ ነው። እንደ ልማዴ ገላውን አጥቤ እልከዋለሁ። ቢያንስ መልኩን የሚያማ የለም።

ኅዳር 12፣ ማክሰኞ

160 በ100።

ሁለተኛ ተመለሰ። ጡረታ የወጣ ዳኛ። ያው መሃሉ። ያው ጉብጠት። ምሳ አልበላሁም።

ቀስታ ብሪጁን በማጉያ አየው። ላዩን ሳይሆን ውስጡን፣ ጥርስ የሚገባበትን። «ከእኔ ዘንድ ሲወጣ ውስጡ ጥቁር ነበር» አለ።

«አጥቤዋለኋ። ታዲያ ቆሻሻ ልላክ?»

አለቃ ገባ። ነገሩ በዚያው ቀረ።

ኅዳር 14፣ ሐሙስ

158 በ100።

አለቃ የሟቹ ጌታዬ ልጅ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ደብተሩን የማስቀምጥለት እኔ ነበርኩ፤ እስከ ዛሬም እትዬ ይለኛል። ዛሬ ሁለቱን ብሪጆች እንደ ሬሳ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ጠበቀን። ሐኪሙ የሚያስፈራራውን ሁሉ አስፈራርቶታል። ከሥራችን ግማሹ የእሱ ነው፤ እሱ ከሄደ በራችን ይዘጋል።

«እትዬ፣ የቱ ጋ ነው የተበላሸው?»

«እኔ አፍስሼ፣ አስተካክዬ፣ ጠርዙ ልክ ገጥሞ ነው የሰጠሁት። ከእኔ እጅ ወጥቶ የት እንደሚሄድ ታውቃለህ» አልኩት።

ወደ ምድጃው አየ። ምድጃው ላይ ጣቴን አልቀሰርኩም። እንዲህ ብዬ ልጻፈው፣ አልቀሰርኩም።

ኅዳር 20፣ ረቡዕ

ግፊት አልለካሁም። ባትሪው አልቋል።

የምድጃ ጠጋኝ መጣ። ግማሽ ቀን ሲነካካው ዋለና፣ «አራት ዲግሪ ዝቅ ይላል» አለ። እሰይ! አራት ዲግሪ።

«አራት ዲግሪ ምንም ማለት አይደለም። አሥርም ቢሆን ለዚህ ብረት ምንም አይደለም» አለ ቀስታ፣ በዚያው በማይሰማ ድምፁ።

«አራት አራት ነው» አልኩ። ለሌላ ሰው ነው እንጂ ለእሱ አልነበረም ያልኩት፤ ሌላ ሰው ግን አለቃ ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቀስታ ሻይ አፈላና ለእኔም ቀዳልኝ። ስኳሩን ሳልነግረው ያውቀዋል። ጠጣሁትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ኅዳር 24፣ እሑድ

152 በ95። ባትሪ ተገዛ።

ድስት አሮብኝ። ድስቱ ሥሩ ስስ ነው። ሹፌሩ (ባለቤቴን ነው፤ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ስለነዳ ቤት ውስጥም መሪ የያዘ ይመስለዋል) ሽታው ጠርቶት መጣ።

«ምን ሆነ?»

«ይኼ የማይረባ ድስት ነዋ።»

«ባለፈው እሳቱ ነበር ጥፋተኛው። ከዚያ በፊት ሽንኩርቱ። አይ ያንቺ ነገር፣ ድስት ስታሳርሪ ከድስቱ በቀር ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም ማለት ነው?»

ስለ ምድጃው ስለ አራቱ ዲግሪ ነገርኩት። ይረዳኛል ብዬ ነበር። አዳምጦ አዳምጦ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ብሎ ተረተብኝና የተረፈውን ከላይ ከላይ እየቀዳ በላ። ከመኪና ሌላ ምን ያውቃል።

ታኅሣሥ 3፣ ማክሰኞ

165 በ105።

ሦስተኛው። ይኼኛው የባሰው ነው። ሰውየው ዳቦ ጋጋሪ ነው። ብሪጁ ሲጎብጥ ክብደቱን ሁሉ ኋለኛው ጥርስ ላይ ጣለው፤ ጥርሱ ከሥሩ ተሰነጠቀ። ምንም ያልነበረው ጤነኛ ጥርስ። ሐኪሙ ነቀለው።

እንግዲህ ሰው ጎዳን። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ተነሥቼ ውሃ ጠጣሁ። ጎዳን አልኩ። ጎዱት ነው ማለት ያለብኝ፣ እነ ብረት ሻጭ፣ እነ ምድጃ።

ታኅሣሥ 4፣ ረቡዕ

የአለቃ ቢሮ ግድግዳ ጣውላ ነው። ለወርቁ ቅርጽ የሚሆነኝን ሰም እየቀረጽኩ ሁሉን ሰማሁ።

«ሐኪሙ፣ ወይ የሚያበላሸውን ሰው አሰናብት ወይ እኔ ሥራዬን ሌላ ጋ እወስዳለሁ ይላል» አለ አለቃ።

«ምድጃዬ ላይ ስህተት የለም» አለ ቀስታ።

«ታዲያ ስህተቱ የት ነው?»

ጆሮዬን ወደ ጣውላው አስጠጋሁ። «ከምድጃዬ አይደለም» ብቻ አለ።

ቀስታን አስወጥቶ እኔን ጠራኝ። በሩን ዘጋና እንደ ልጅነቱ እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ። «እትዬ፣ አባቴ ቢሆን አንቺን ነበር የሚጠይቀው። ምድጃው ነው ወይስ ሰውየው?»

«እኔ ስለ ምድጃ አላውቅም» አልኩት።

እውነቴን ነው። ስለ ምድጃ አላውቅም።

ታኅሣሥ 5፣ ሐሙስ

ቀስታ እስከ ታኅሣሥ 27 ነው ያለው። የጀመረውን ፖርስሊን ይጨርስና ይሄዳል። ምድጃውን ግን ለወርቅ እንዳይነካ ተባለ። ማጠንከሩን እኔ በዚያው ምድጃ እንደ ወረቀቱ እሠራዋለሁ።

ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ዛሬ ላብራቶሪ ሁሉ የሚፈልገው ኮምፒውተር ላይ ስሎ ማሽን የሚያስቀርጽ ነው፤ በብሩሽ ጥርስ የሚሥል ሰው ማን ይቀጥራል። ሚስቱም ወገቧን ታማለች። እሱ አንድም አላነሣም። እኔ ነኝ የማወራው፤ ለምን እንደማወራም አላውቅም። «ሌላ ቦታ ታገኛለህ» አልኩት። «አዎ» አለኝ። ብሩሾቹን አጥቦ በየቁመታቸው ደረደራቸው።

ግፊት መለካቱን ትቼዋለሁ። ሲለኩት ነው የሚጨምረው።

ታኅሣሥ 11፣ ረቡዕ

የመጀመሪያውን ብሪጅ ራሴ አጠነከርኩ። ሦስት መቶ ሃምሳ፣ ሩብ ሰዓት፣ ምድጃው ውስጥ እያለ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ። ሰዓት ይዤ ከፊቱ ቆሜ። ማንም ምንም አይለኝም።

ጥቁር ሆኖ ወጣ እንደ ወትሮው። ጠርዙ ላይ ፀጉር የምታህል ክፍተት ስለነበረች በመሣሪያ ጫፍ ልጫነው ብል እንቢ አለኝ። እንዴት ያለ ግትር ነገር። ተውኩትና እንደ ልማዴ ላጥበው እሳት አሳየሁት፤ እስኪቀላ ነበልባሉ ላይ ያዝኩትና አሲድ ውስጥ ጣልኩት፣ ሽው አለ፣ በርቶ ወጣ። ከዚያ ያቺን ጠርዝ እንደገና ብሞክራት እሺ ብላ ገጠመች።

ደክሞኝ ነበር መሰለኝ መጀመሪያ እጄ የከበደው። ላክሁት።

ታኅሣሥ 13፣ ዓርብ

ጠርዟ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። በፊት እንቢ፣ በኋላ እሺ። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ።

ታኅሣሥ 14፣ ቅዳሜ

ዝግ ነው፤ ቁልፍ ስላለኝ ገባሁ። ለሹፌሩ አሲድ ልቀይር ነው አልኩት።

ከቀረው ቅይጥ ስስ ስስ ቁራጮች አፈሰስኩ፣ እኩል እኩል። ሁሉንም እንደ ወረቀቱ አጠነከርኩ። ግማሾቹን ተውኳቸው። ግማሾቹን አጠብኳቸው። በሁለት ጉጠት ይዤ አጎበጥኳቸው።

ያልታጠቡት ጫን ሲሏቸው ይለጠጡና ተመልሰው ቀጥ ይላሉ። የታጠቡት በጎበጡበት ቀሩ።

ቁራጭ ስስ ነው፣ ብሪጅ ወፍራም ነው፣ አይወዳደርም ብዬ ወፍራም አፈሰስኩ። ያው ነው። ሦስተኛ አፈሰስኩ። ያው ነው።

ሰኞ ዕለት ደግሜ አያለሁ።

ታኅሣሥ 16፣ ሰኞ

አላየሁም። ሥራ በዝቶ ነበር።

ታኅሣሥ 17፣ ማክሰኞ

ከብረቱ ጋር የመጣው ወረቀት የት እንደገባ ፈለግሁ። ለካ ቀስታ ከክረምት ጀምሮ ከእኔው ጠረጴዛ አጠገብ ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቅሎልኛል። እኔ ሚስማሩን ለሽርጤ ማንጠልጠያ አድርጌዋለሁ። አራት ወር ሙሉ ወረቀቱ ከሽርጤ ሥር ነበር። አንድ መስመር በእርሳስ ተሰምሮበታል፦ «ከማጠንከር በኋላ ዳግመኛ አይግል፤ ያገኘውን ጥንካሬ ያጣል።» ከጎኑ በቀስታ እጅ ጽሑፍ፣ ትንንሽ ፊደል፣ «እህቴ፣ ማጠቡን ከዚህ በፊት አድርጊው» ይላል።

ሽርጡን መልሼ ሰቀልኩት።

ታኅሣሥ 19፣ ሐሙስ

ዛሬ ልናገር ነበር። አለቃ እንግዳ ነበረበት።

አሥራ አራት ረጃጅም ብሪጅ ሠርተናል በአዲሱ ብረት፣ ሁሉንም ለዚሁ ሐኪም። አሥራ አራቱንም ያጠብኩ እኔ ነኝ። ሦስቱ ተመልሰዋል። አሥራ አንዱ በየሰው አፍ ውስጥ ያበራሉ።

የድሮው ወርቅ ቢታጠብም ባይታጠብም ያው ነበር፤ ከእሳት የሚያገኘውም የሚያጣውም ነገር አልነበረውም፣ ያውም የምንሠራው አጫጭር ነበር። ታዲያ እኔ በምን ልወቅ? ሟቹ እንዲህ ነው ያስተማረኝ። ሟቹ ግን ይህን ብረት አላየውም። እኔ ነኝ ያየሁት። ቀስታም ነግሮኛል፤ የሚወስነው የመጨረሻው እሳት ነው አለኝ፣ ኅዳር 6 ላይ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። የመጨረሻው እሳት የእኔ ነበር። ይህን ደብተር ከፍቼ ሳነብ ራሴን በጥፊ ማለት አማረኝ።

ታኅሣሥ 20፣ ዓርብ

አለቃ ከሐኪሙ ጋር ምሳ ወጣ።

ታኅሣሥ 23፣ ሰኞ

አለቃ ነበረ። እኔ ነኝ ያልነበርኩት። አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ሹፌሩ ግንባሬን ዳሰሰና «ትኩሳት የለሽም» አለ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እንደ ወትሮው የሚተርት መስሎኝ ስጠብቅ እግሬን አሸልኝ። ያኔ አለቀስኩና ሁሉንም ነገርኩት። ቀልድ አላወጣም። «መቼ ነው ሰውየው የሚሄደው?» አለኝ። ዓርብ አልኩት። «እንግዲያው እስከ ሐሙስ ጊዜ አለሽ» አለኝ።

ታኅሣሥ 26፣ ሐሙስ

ቀስታን ግቢ ውስጥ ብቻውን አገኘሁት፣ ጀሶ የምንደፋበት ጋ። እንዴት እንደምጀምር ስላላወቅሁ ከመሃል ጀመርኩ። «ማጠቡ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዳኛው። ውስጡ ነጥቶ ሳየው።»

«ታዲያ ለአለቃ ለምን አልተናገርክም? አፍ የለህም?»

«ለአንቺ ነገርኩሽ። አንዴ በቃል፣ አንዴ በጽሑፍ። ሦስተኛውን አንቺ ትናገሪዋለሽ ብዬ ነው የቆየሁት» አለ። የጀሶውን ባልዲ አንሥቶ፣ «የሰው ጉሮሮ ላይ መቆም አልወድም፤ ያንቺ ደግሞ ጭራሽ። ግን እህቴ፣ እስከ ዛሬ ትቆያለሽ ብዬ አልገመትኩም» አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጀሶውን ደፍቶ ገባ።

ታኅሣሥ 27፣ ዓርብ

ነገርኩት። ቀስታ ብሩሾቹን በጨርቅ እየጠቀለለ ሳለ አለቃን እጁን ይዤ አመጣሁትና በሁለቱም ፊት፣ «ብሪጆቹን ያበላሸሁ እኔ ነኝ። እሱ ያጠነከረውን እኔ እያገልኩ አሲድ ውስጥ እየጣልኩ አለስልሼዋለሁ» አልኩ።

አለቃ ምን አለ? ፈገግ አለ። ትከሻዬን ያዘና፣ «እትዬ፣ ደግነትሽን አውቃለሁ። ለእሱ ብለሽ ነው። አንጀትሽ አልችል ብሎ ነው። እባክሽ አታክብጂብኝ» አለኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ስዋሽ ዓይኑን ሳያሽ አመነኝ፤ እውነቱን ስነግረው የጽድቅ ሥራ አድርጎ ቆጠረልኝ። «ሞቼ እገኛለሁ፣ እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። አላመነም። ቀስታ ብሩሾቹን መጠቅለሉን ቀጠለ።

ከሰዓት በኋላ ልንልከው የተዘጋጀ ብሪጅ ነበር፣ ትናንት ያጠነከርኩት፣ ገና ጥቁሩን እንደለበሰ። ሁለት ጉጠት አለቃ እጅ ላይ አስጨበጥኩት። «በል አጉብጠው።» ታገለ፤ ጉጠቱን ሲለቀው ብሪጁ ቀጥ አለ። ተቀበልኩትና ነበልባል ላይ ያዝኩት፣ ቀላ፣ አሲድ ውስጥ ጣልኩት። በውሃ አለቅልቄ አደረቅሁት። እንዲህ አድርጎ ያበራ ሥራ በዕድሜዬ የሠራሁ አይመስለኝም። «አሁን አጉብጠው» አልኩት።

ጎበጠ። ቀጥም አላለም። አምስት ቀን የሠራሁት ሥራ።

አለቃ ጉጠቱን አስቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ስንት ናቸው?» አለኝ።

«የቀሩት አሥራ አንድ።»

«ማን ያውቃል?»

«እኛ ሦስታችን። ባለቤቴም።»

«እንግዲህ አንቸኩል። ሁሉም ይጎብጣል ማለት አይደለም…» ብሎ ሲጀምር ቀስታ ብሩሾቹን ጠረጴዛ ላይ አኖረና የስልኩን እጀታ አንሥቶ ወደ እኔ ዘረጋው። በዚያው በዝግታው። ተቀበልኩት። የሐኪሙን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ዶክተር፣ ከክረምት ወዲህ ያስገቧቸውን ብሪጆች በሙሉ ያስወጡ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አዎ፣ የእኔ። መስታወት ነኝ» አልኩት። ከዚያ ወዲያ የተናገረኝን አልጽፈውም።

ጥር 1፣ ማክሰኞ

ቀስታ ተመለሰ። ነገር አላበዛም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። ከዚህ በር የሚወጣ ብረት ሁሉ መጨረሻ በእሱ እጅ እንዲያልፍ። አለቃ እሺ አለ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቁኝም እሺ ነበር የምለው። ሰም እቀርጻለሁ፣ አፈሳለሁ፣ እሞርዳለሁ። የጋዙ ነበልባል ከጠረጴዛዬ ተነሥቷል።

ጠዋት እግዜር ይስጥልኝ ልለው ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። «ደህና አደርሽ» አለኝና ወደ ሥራው ዞረ። ሻይ ለየራሳችን ነው የምንቀዳው።

ጥር 9፣ ረቡዕ

ሐኪሙ ብሪጆቹን የሚያስወጣው በራሱ ቀጠሮ ነው። እኔ እንድመጣ አልጠራኝም፤ ራሴ ነኝ የሄድኩት። አዲሱን ልክ በራሴ ዓይን ልይ ብዬ ነው፤ ለአለቃም እንዲሁ አልኩት። እውነቱን ለመናገር ሰዎቹን ማየት ፈልጌ ነበር።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አራት ወንበር አለ። አንዱ ላይ ወፍራም፣ እጆቹ ሰፋፊ ሰው ተቀምጧል፤ ቅንድቡ ላይ ዱቄት ቀርቶበታል። ጉንጩ አንዱ ወገን ጎድጎድ ብሏል። አላስፈለገም መጠየቅ። የሐኪሙ ነርስ ስትወጣ፣ «ውይ መስታወት፣ መጣሽ?» ብላ አለፈች።

ሰውየው ቀና አለ። «አንቺ ነሽ መስታወት የሚሉሽ?» አለኝ። «እኔ እኮ ያንቺን ሥራ ለምኜ ነው ያሠራሁት። ሐኪሙን ሁለት ወር ጠብቄ። የእህቴን አይቼ ነው፤ ስትስቅ ክፍሉ ይበራል።» ከዚያ አንገቱን ሰበር አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ጠዋት ጠዋት የዳቦ ቅርፊት የመቆርጠም አመል አለብኝ፤ ጠንካራውን ስወድ። እንዲያ ያለ የሰው ልፋት በገዛ ጥርሴ አጎበጥኩት» አለኝ።

ወር ሙሉ ይህን ይዞ ነው የከረመው። በአንድ ወገን እያኘከ፣ ጥርሱን ተነቅሎ፣ ጥፋቱን በራሱ ላይ አድርጎ። እኔ ወር ሙሉ ምድጃ ስከስ።

«እርስዎ አይደሉም» አልኩት። «ቅርፊቱም አይደለም። ወርቁ ጠንካራ ሆኖ ከባልደረባዬ እጅ ወጥቶ ነበር። እኔ እንዲያበራ ብዬ መልሼ እሳት ላይ አደረግሁትና ለሰለሰ። ጥርስዎን ያስነቀልኩት እኔ ነኝ።»

ያልገባው መስሎኝ ደገምኩለት። ገብቶታል። ሰፊውን እጁን ጎድጓዳው ጉንጩ ላይ አደረገ።

«የሚቀጥለውን ማነው የሚሠራው?» አለኝ።

«አፈሳው የእኔ ነው። የመጨረሻው እጅ ግን የባልደረባዬ ነው፤ ስሙን ቀስታ እንለዋለን። ላዩ ትንሽ ጥቁር ቢልም አይደነግጡ።»

«ይጥቆር ግድ የለም» አለ። ተነሣና ኮቱን አንሥቶ፣ ከእኔ ራቅ ወዳለው ወንበር ሄዶ ተቀመጠ።